«ቲክቶክ ነው ያበላሻቸው» ላሉን ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከአንዱ የቴሌግራም ግሩፕ ወደ ሌላው ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። የላኩልኝ ወላጆች ናቸው። ጉዳዩ በአፍላ ወጣቶች የፍቅር ግንኙነት ውስጥ ያለው ጥቃት ነው። ጥፊው፣ ስድቡ፣ ማስፈራራቱ፣ «የት ነሽ፣ ከማን ጋር ነሽ» እያሉ መቆጣጠሩ።

የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይኸው። ልጆቻችን ይህን ሁሉ እንደ ነውር ማየት የተውት ቲክቶክና የቱርክ ድራማ ስላበላሻቸው ነው። ከጨዋ ቤት የወጣ ልጅ እንዲህ አያደርግም። ሴቶቹም ቢሆኑ የሚቀናባቸውን ይወዳሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ጉዳዩ ማስተማር የተኛውን መቀስቀስ ነው። ወንዶችም በሴቶች ይመታሉ፤ ሕግም ሞልቷል። ስለዚህ መፍትሔው ስልካቸውን መቀማትና ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ ድረስ ፍቅረኛ የሚባል ነገር መከልከል ነው። ሲጨርሱም አንባቢውን ይጠይቃሉ፦ «የ15 ዓመት ልጅዎ ፍቅረኛ እንዳላት ቢሰሙ ምን ያደርጋሉ?»

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ እመለስበታለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ የሴቶች ክበቡንም የምይዘው እኔ ነበርኩ። ጸሐፊው የተጨነቁበት ነገር እውነት መሆኑን አውቃለሁ። ምክንያቱን የፈለጉት ግን በሌለበት ቦታ ነው። ልጆቹ ይህን በአብዛኛው የተማሩት ከእኛ ከትልልቆቹ ነው። ስቀን ካለፍነው፣ «ስለሚወድሽ እኮ ነው» ብለን ከሸፈንነው፣ ሰምተን እንዳልሰማን ከሆንነው።

ከቲክቶክ እንጀምር። ቲክቶክ ከቻይና ውጭ መሠራጨት የጀመረው በፈረንጆቹ 2017 ነው። በአማርኛ የሚናገር የቱርክ ድራማ በየሳሎናችን የገባው ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ነው። አሁን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በፈረንጆቹ 2000፣ በእኛ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ልክ ነው ወይ ተብለው ሴቶች ተጠይቀው ነበር። ምግብ ብታሳርር? ብትከራከረው? ሳትነግረው ብትወጣ? ልጆቹን ችላ ብትል? አብራው መተኛት እምቢ ብትል? ከ100 ሴቶች 85ቱ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት «አዎ፣ ልክ ነው» አሉ። ያኔ የነበረው አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ሞባይል ገና የጥቂት ሰው ዕቃ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በፈረንጆቹ 2005 ቁጥሩ 81 ሆነ (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው)። በ2011 ወደ 68 ወረደ፤ በ2016 ወደ 63። የወንዶቹም ከ2005 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ከ52 ወደ 28 ወርዷል። ስልኩ በየኪሱ በገባበት ዘመን ማለት ነው። ስልክ አሻሻለን ማለቴ አይደለም። የሴቶች ትምህርት አለ፣ የከተማ ኑሮ አለ፣ የወጡ ሕጎች አሉ፤ ብዙ ነገር ተለውጧል። ግን «ድሮ ደህና ነበርን፣ ስክሪን አበላሸን» ለሚል ሰው ይህ ቁጥር አይመቸውም።

እርግጥ ጥያቄው ስለ ባልና ሚስት ነው፣ ስለ ፍቅረኛሞች አይደለም። ቢሆንም ፍቅረኛውን በጥፊ የሚመታው ልጅ «ወንድ ልጅ ሴቱን መቅጣት ይችላል» የሚለውን ሐሳብ ከአየር ላይ አልያዘውም። ደግሞ የተጠየቁት ትልልቆቹ ብቻ አይደሉም። በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች 60 በመቶ ገደማው መመታት የሚገባበት ምክንያት አለ ብለዋል። በዚያው ዕድሜ ካሉት ወንዶች እንዲህ ያሉት ሲሶ ያህሉ ናቸው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ቁጥሩ ተገልብጦ የተጻፈ ይመስለዋል። አልተገለበጠም። መመታት ተገቢ ነው የሚሉት ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጣሉ። አብዛኞቹ ደግሞ የገጠር ልጆች ናቸው። የቱርክ ድራማ ቀርቶ ቤታቸው መብራት የሌላቸው ሞልተዋል። ታዲያ ከማን ተማሩት?

ቡታጅራ አካባቢ የተደረገውን የዓለም ጤና ድርጅት ጥናትም ላስታውስ። ውጤቱ የታተመው በ2005 ነው። ባል ወይም የወንድ ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት በዚሁ ሰው ደርሶባቸዋል። በጥናቱ ከተካተቱት የተለያዩ አገሮች ሥፍራዎች ከፍተኛው ቁጥር ይህ ነበር። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለው ተረትም ከኢስታንቡል ተተርጉሞ የመጣ አይደለም።

ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ልክ የሆኑበት ቦታ አለ። ስልኩ ለመቆጣጠር አዲስ መሣሪያ ሆኗል። ድሮ አንድ ጎረምሳ ልጅቷን ለመከታተል ከትምህርት ቤት በር እስከ ሰፈሯ በእግሩ መሄድ ነበረበት። አሁን ሶፋ ላይ ተጋድሞ ይጨርሰዋል። «ቴሌግራም ላይ እስከ አምስት ሰዓት ነበርሽ፤ ከማን ጋር ነው ያወራሽው?» «ሎኬሽንሽን ላኪ።» «ቤት ነኝ ካልሽ ቪዲዮ ክፈቺና ክፍልሽን አሳዪኝ።» ፓስወርድ መለዋወጥ የፍቅር ማረጋገጫ ሆኗል፤ እሷ የሰጠችው ልጅ የራሱን ግን ብዙ ጊዜ አይሰጥም። ከተጣሉ በኋላ ደግሞ በፎቶ ማስፈራራት ይመጣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሐሳቡ ግን ከስልኩ በፊት ነበረ።

ፊልሙም ንጹሕ አይደለም። እምቢ ያለችውን ልጅ በር ላይ ቆሞ፣ ዝናብ እየመታው፣ እስክትሸነፍ የሚለምን ጀግና ስንቱ ድራማ ውስጥ አለ። ግን ይህን ታሪክ እኛም ቤት በደንብ እናውቀዋለን። «ሴት ልጅ መጀመሪያ ትግደረደራለች» እየተባለ ያደገ ወንድ ልጅ እምቢታን እንደ እምቢታ መስማት ከየት ይማራል? በፈረንጆቹ 1996 አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችው አበራሽ በቀለ 14 ዓመቷ ነበር። ጠላፊዋ ሊያገባት ነው የፈለገው፤ ጠለፋ በዚያ አካባቢ የጋብቻ አንዱ መንገድ ነበር። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አሲድ የተደፋባት ወጣትም ለዓመታት እምቢ ስትለው በቆየችው ሰው ነው እንዲያ የሆነችው። ሁለቱም ታሪኮች ከቲክቶክ በፊት ናቸው። ሁለቱም ውስጥ እምቢታን ውርደት አድርጎ የቆጠረ ወንድ አለ።

ወደ «ጨዋ ቤት» ልለፍ። ይህን ክፍል ሳነብ ትንሽ ተናድጃለሁ፤ አልደብቅም። ምክንያቱም በአገራችን «ጨዋ ቤት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ጠብ የሌለበት ቤት አይደለም። ጠቡ ውጭ የማይሰማበት ቤት ነው። ልጁ ግን ውስጥ ነው ያለው። በመኝታ ቤቱ ግድግዳ በኩል ይሰማል። በነጋታው እናቱ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ቡና ስታፈላ ያያል። «አባታችሁ ሲናደድ እንዲህ ነው እንጂ ልቡ ንጹሕ ነው» ስትል ይሰማል። ሽማግሌ መጥቶ «ቻይው እንጂ ልጄ» ብሎ ሲሄድ ያያል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሥነ ምግባር በመጽሐፍ ብናስተምረው አይደንቀውም፤ መልሱን ለፈተና ያህል ይጽፋል።

ግምት ብቻ አይደለም። ሐዋሳ ውስጥ በኮሌጅ ወንድ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2009 የታተመ ጥናት ሴቶችን ማጥቃት ከምን ጋር እንደሚያያዝ ፈትሾ ነበር። ከወጡት ምክንያቶች አንዱ በልጅነት የወላጆችን ድብድብ ማየት ነው። መጠጥና ጫትም ነበሩበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይሰመርበት። አባቱ እናቱን ሲመታ ያየ ልጅ ሁሉ መቺ ይሆናል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ አይሆኑም። ያንን ስላዩ ብቻ እጃቸውን ማንሳት የሚጠየፉ ወንዶች አስተምሬያለሁ። ግን አደጋውን ከፍ ያደርገዋል።

የቤቱ ዱላ ለሚስት ብቻ አለመሆኑም አለ። ልምጩ፣ ቁንጥጫው፣ በበርበሬ ማጠኑ። ሁሉም የሚያልቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የምመታህ ስለምወድህ ነው።» ልጁ ይህን አምኖ ያድጋል። የሚወድ ሰው ይመታል፤ የተመታ ሰው አጥፍቷል። በ16 ዓመቷ ፍቅረኛዋ ሲመታት መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምን አድርጌ ነው?» ብላ ቢሆን ለምን ይገርመናል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ይላል። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ጥግ ላይ የተደገፈውን የውሃ ጎማ ያየ ሰው ግን አንቀጹ የት እንደቀረ ያውቀዋል።

ጸሐፊው ጨርሶ የረሱት ጓደኛን ነው። ቤተሰብና ስልክ አሉ፤ መሐል ያለው ሰፈር ግን የለም። አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ቫንጂ ፎሺ የምትባል ተመራማሪ አፍላ ወጣቶችን ለዓመታት ተከታትላለች። በሥራዋ ደጋግሞ ከታየው ነገር አንዱ፣ በጓደኞቹ መካከል እንዲህ ያለ ጥቃት ያለበት ልጅ እሱም የመግባት ዕድሉ ከፍ ማለቱ ነው። እኛም ጋር ለማየት ከትምህርት ቤት አጥር ስር ለአምስት ደቂቃ መቆም ይበቃል። አንዱ ከሴት ጓደኛው ጋር በሰላም ሲያወራ ቆይቶ ሲመለስ «ተገዛህ አይደል?» ይሉታል። «እሷ ናት የምታዝህ።» «ልክ አስገባት እንጂ።» ልጁ ፊቱ ይቀላል። በሚቀጥለው ቀን እነሱ ፊት ይጮህባታል። ጩኸቱ ለእሷ አይደለም፤ ለእነሱ ነው። ይህን ለመረዳት ድራማ ማየት አያስፈልገንም።

«ሴቶቹ ራሳቸው ቅናት ይወዳሉ» ወደሚለው ስመጣ ጸሐፊው የጠቀሱት ወሬ ሐሰት አይደለም። ክበባችን ውስጥ ስም ሳይጻፍበት በቁራጭ ወረቀት ጥያቄ እንቀበል ነበር። «ካልቀናብኝ አይወደኝም ማለት ነው?» የሚል ወረቀት በተለያየ እጅ ጽሑፍ ተደጋግሞ ይወጣል። አንዱን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። በእርሳስ ነው የተጻፈው፤ «የመታኝ ሌላ ልጅ ስላናገርኩ ነው፤ ስለማይጠላኝ ነው አይደል?» ይላል። «አይደል?» የሚለው ስር ሁለት ጊዜ ተሰምሯል።

ይህን ጥያቄ «ትወደዋለች» ብሎ ማንበብ አልችልም። ልጅቷ ማረጋገጫ እየፈለገች ነው። ለምን እንደሆነ ደግሞ አስቡት። የእነዚህ ልጆች ፍቅር በሙሉ ስውር ነው። ቤተሰቡ አያውቃትም። በበዓል አይጠራትም። በስሟ አያስቀምጣትም፤ ስልኩ ላይ «አቤል ጋራዥ» ተብላ ነው የተመዘገበችው። ስለዚህ እንደሚወዳት የሚያሳያት ሌላ ምንም ነገር የላትም። የቀረላት ማስረጃ ቅናቱ ብቻ ነው። በቀና ቁጥር «አለሁ ማለት ነው» ትላለች። ሲመታት ማስረጃው የበዛ ይመስላታል። ጸሐፊው የሴት ልጅ ጠባይ አድርገው ያዩት፣ እኔ እስከሚገባኝ የድብብቆሹ ውጤት ነው።

ከዚህ በኋላ ዋናው መፍትሔያቸው ላይ እንደርሳለን፤ መከልከል። ከሁሉም በላይ የማልስማማው እዚህ ነው።

ክልከላ ፍቅሩን አያስቀረውም፤ ወደ ጓሮ ይወስደዋል። ጓሮ ውስጥ ደግሞ ጉልበት ያለው ይነግሣል። ወላጅ እንዳይሰማ የምትፈራ ልጅ ለመቺዋ ሁለተኛ ዱላ ሰጠችው ማለት ነው። «ለአባትሽ እነግርብሻለሁ» የሚለው ዛቻ የሚሠራው አባትየው ስለከለከሉ ነው። ፎቶውን «ለወንድምሽ እልካለሁ» ሲላት የምትንቀጠቀጠው ወንድሟ ማንን እንደሚመታ ስለምታውቅ ነው። እሱን አይደለም፤ እሷን ነው።

እኔ ጋር የሚመጡ ልጆች አንዳቸውም በደረሰባቸው ነገር አይጀምሩም ነበር። የሚጀምሩት «ቲቸር፣ ለእናቴ አይነግሩብኝም አይደል?» ብለው ነው። አንዷ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የግራ እጇ አንጓ ላይ የጣት ምልክት ነበረባት። ሹራቧን እየጎተተች ትሸፍነዋለች፤ የበጋ ፀሐይ ነው። መጀመሪያ ዩኒት ሊደሩ ጋር ሄዳ ነበር። ያላት «ወላጅ አምጪ» ነው። ልጅቷ ወላጅ ከማምጣት ምልክቱን መሸፈን መረጠች። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ፎርፌ እያደረገች ጠፋች፤ ልጁ ግን በየቀኑ ክፍል ይገባል። መዝገብ ላይ ችግር ያለባት ተማሪ ሆና የተጻፈችው እሷ ናት።

የ2016ቱን ጥናት እንደገና ላንሳ። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ኢትዮጵያውያት ሴቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። ይህ ትልልቆቹንም ጨምሮ ነው። ትዳር ያላቸው፣ ዘመድ የሚያውቀው ባል ያላቸው ሴቶች እንኳ ዝም ካሉ፣ ያልተፈቀደ ፍቅረኛ ያላት የ15 ዓመት ልጅ ትናገራለች ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ጸሐፊው ለዝምታው ሌላ ቁልፍ ሊጨምሩለት ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ይገርመኛል። ለ16 ዓመት ልጅ ፍቅረኛ ነውር ነው የምንል ሰዎች በዚያው ዕድሜ ስትዳር እልል የምንል ነን። የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ይላል። በ2016ቱ ጥናት ግን ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው ተድረዋል። እነዚህ ልጆች ዕድሜያቸው ከእኔ ተማሪዎች ጋር እኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት ደግሞ ባል ወይም ፍቅረኛ ከነበራቸው ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ የዓለም ልጃገረዶች 24 በመቶው ያህሉ በዚሁ ሰው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ያሳያል። «ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ» የሚለው ገደብ የታሰበው ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል ላላት ልጅ ብቻ ነው።

ማስተማር መቀስቀስ ነው ለሚለው መልስ አለኝ፤ ሌሎች ሞክረውት ስላዩ። ሰሜን ካሮላይና ጆንስተን አውራጃ ውስጥ፣ በ1990ዎቹ፣ ፎሺና ባልደረቦቿ ለስምንተኛና ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አሥር ክፍለ ጊዜ ትምህርት አዘጋጁ። ከጎኑ ተማሪዎች የሚሠሩት ቲያትርና የፖስተር ውድድር ነበረው። ከአራት ዓመት በኋላ ትምህርቱን ያገኙት ፍቅረኛቸውን መምታታቸውም፣ በፍቅረኛቸው መመታታቸውም ካላገኙት ያነሰ ነበር። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ በ20 ትምህርት ቤቶች የጤና ትምህርት ውስጥ 21 ክፍለ ጊዜ ተጨመረ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ፍቅረኛቸውን በአካል ያጠቁት ትምህርቱ ባልተሰጠባቸው ትምህርት ቤቶች 9.8 በመቶ፣ በተሰጠባቸው 7.4 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በወንዶቹ ብቻ ሲታይ ግን ከ7.1 ወደ 2.7 ነው። ደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ ውስጥ በ70 መንደሮች የተሞከረውም፣ በ2008 እንደታተመው ውጤት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወንዶቹ በሴት ጓደኞቻቸው ላይ የሚያደርሱትን ጥቃት እንደቀነሱ በራሳቸው አንደበት አሳይቷል። ይህ እንግዲህ አፍሪካ ነው፤ «የፈረንጅ ነገር» ብለን የምናልፈው አይደለም።

ከሁሉ የምወደው ግን የኒው ዮርኩን ነው። በ30 መካከለኛ ትምህርት ቤቶች ሁለት ነገር ተሞከረ። አንደኛው የክፍል ውስጥ ትምህርት ነው። ሁለተኛው ግቢው ላይ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ተማሪዎች የትምህርት ቤቱን ካርታ ይዘው የሚፈሩበትን ቦታ ቀለም ይቀባሉ፣ አስተዳደሩ ደግሞ እዚያ ሠራተኛ ያቆማል። ለውጥ ያመጣው የግቢው ሥራ ነው፣ ብቻውንም ከትምህርቱ ጋር ሆኖም። የክፍል ትምህርቱ ብቻውን ያን ያህል አልሠራም። እዚህ ላይ ጸሐፊውን ልርዳቸው፤ «በስብከት ብቻ አይሆንም» ቢሉ ኖሮ አብሬያቸው እጮህ ነበር። የእኛን ተማሪዎች ካርታ ብንሰጣቸው የት እንደሚቀቡ ለመገመት አይቸግረኝም። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ። የመውጫ ደወል ሲደወል በሩ ላይ። የታክሲው ሰልፍ። እነዚህ ቦታዎች ላይ አንድ ጥበቃ ወይም አንድ መምህር ለማቆም የሚያስፈልገው ፈቃደኝነት ብቻ ነው፤ በጀት እንኳ አይጠይቅም።

«ወንዶችም ይመታሉ» እውነት ነው። በሌላው አገር በተደረጉ መጠይቆች ልጃገረዶችም በጥፊ መማታታቸውን ይናገራሉ። የተመታ ወንድ ልጅ ደግሞ ከማልቀስ ይልቅ መሳቅ ይጠበቅበታል፤ ጓደኞቹ ይሳለቁበታል። ይህም መቆም አለበት። ግን ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት፣ መደፈርና ከቤት ለመውጣት መፍራት ባመዛኙ ሴቶቹ ላይ ነው የሚወድቀው። ሁለቱን አንድ ላይ ማስተማር ይቻላል፤ ከላይ የጠቀስኳቸው የአሜሪካና የካናዳ ትምህርቶች ለወንዱም ለሴቱም የተሰጡ ናቸው።

ሕጉ ሞልቷል ለሚሉት፣ ሕጉን ገልጠን እንየው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የሚናገረው በትዳር ጓደኛ ወይም ከጋብቻ ውጭ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ ስለሚፈጸም የኃይል ድርጊት ነው። በየቤታቸው የሚያድሩ የትምህርት ቤት ፍቅረኛሞች እዚህ ውስጥ አይገቡም። ይህ ማለት ግን ልጁ አይጠየቅም ማለት አይደለም። አካል መጉዳት ማንም ላይ ቢፈጸም ወንጀል ነው። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። «ፍቅረኛዋ ነው እኮ» የሚል ማምለጫ አንቀጹ ውስጥ የለም። በኮምፒውተርና በስልክ ማስፈራራትም በ2008 ዓ.ም. በወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ያስጠይቃል። ችግሩ ልጅቷ ይህን አለማወቋ ነው። ብታውቅም ብቻዋን ጣቢያ ሄዳ «ልጆች ናችሁ፣ ታረቁ» ተብላ እንደማትመለስ ማን ይነግራታል? አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለተደፈሩ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውንም ፖሊሱንም ዐቃቤ ሕጉንም በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ። ይህን የሚያውቅ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ማግኘት ከባድ ነው። ትምህርት ቤት ካላስተማረ ማን ሊነግራቸው ነው?

አሁን ወደ ጥያቄያቸው። የ15 ዓመት ልጄ ፍቅረኛ እንዳላት ብሰማ መጀመሪያ እደነግጣለሁ፤ ማንም እናት ትደነግጣለች። ደስ እንደማይለኝም እነግራታለሁ። መዋሸት አያስፈልግም። ስልኳን ግን አልቀማም። ልጁ ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ስሙ በቤታችን በግልጽ ይጠራ። ከዚያ አረፍ ብዬ ሌላውን እጠይቃለሁ። እምቢ ስትይው ምን ይላል? ፓስወርድሽን ጠይቆሽ ያውቃል? ከጓደኞችሽ ጋር ስትሆኚ ይደውላል? ሲናደድ ትፈሪዋለሽ? ምንም ቢፈጠር፣ አንቺ ያጠፋሽ ቢመስልሽ እንኳ፣ በሌሊትም ቢሆን ደውይልኝ፤ መጀመሪያ እወስድሻለሁ፣ ቁጣው ካለ በኋላ ይደርሳል።

ጸሐፊው ስለ ሴት ልጅ ጠይቀው አቆሙ። የ15 ዓመት ወንድ ልጅዎ ፍቅረኛ እንዳለው ቢሰሙስ? እዚያ ላይ ብዙ አባቶች ፈገግ ይላሉ፤ ትከሻውን መታ አድርገው «ጎረምሰሃል» ይላሉ። እሱንም ያንኑ ይጠይቁልን። እምቢ ስትልህ ምን ታደርጋለህ? ስልኳን ታያለህ? ጓደኞችህ ሲስቁብህ እሷ ላይ ትጮሃለህ? እጅህን አንስተህባት ታውቃለህ?

ጽሑፋቸውን ሁለተኛ ጊዜ ሲያዘጋጁ ይህን ጥያቄ እንዲያስገቡት እለምናቸዋለሁ። መልሱን ከአባቶች መስማት እፈልጋለሁ።